ሃያ ዕጣ በወተት ጣሳ

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ሐዊ ዛሬ ያመጣችውን ነገር ካልጻፍኩት ነገ ራሴም አላምነውም። ሐዊ ከጎኔ ያለችውን ክፍል የተከራየች የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ጃንጥላዋን ደጅ አራግፋ ገባችና፣ «እማማ ብርኽቲ፣ ሳሎንዎን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ይፈቅዱልኛል?» አለች።

«ለጸሎት ከሆነ እናንተ ጴንጤዎች ድምፃችሁ ይበዛል፤ ጣሪያዬ አይችለውም» አልኳት።

«ኧረ ለጌም ነው!»

የስልክ ጌም መስሎኝ ነበር። አይደለም። ሦስት አራት ሰው ጠረጴዛ ይከባል፤ አንዱ ተረት ይጀምራል፤ ሌሎቹ በተረቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ይሆናሉ። አንዱ ወታደር፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ መድኃኒት አዋቂ። ምን ማድረግ እንደሚፈልጉ ይናገራሉ። ይሳካ አይሳካ ዳይስ የሚባል፣ ቁጥር የተጻፈበት ባለ ሃያ ፊት ጠጠር ተጥሎ ይታወቃል፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣ ተሳካ፣ ትንሽ ከወጣ ከሸፈ። አሸናፊ የሚባል የለም።

«ታዲያ መቼ ነው የሚያልቀው?» አልኳት።

«አያልቅም» አለች፣ ደስ ብሏት።

ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ ካፌ ሞክረው ነበር። አስተናጋጇ «በአንድ ማኪያቶ አራት ሰዓት? ወንበሩን ግዙት እንጂ!» ብላ አስወጣቻቸው።

ለመጀመር የሚያስፈልገውን በወረቀት ጽፋ ትታልኝ ሄደች። መጽሐፍ፣ ከውጭ ሲመጣ ሰባት ሺህ። ዳይስ ሁለት ሺህ፣ ያውም የሰው ሻንጣ ውስጥ ቦታ ከተገኘ። ትንንሽ ምስሎች፣ «ይቅሩ»። የሚመራ ሰው፤ ከዚህ ፊት ለፊት ምንም አልጻፈችም። መጽሐፉን ለመግዛት እኔ ከሟቹ ባሌ ከበርሄ ጡረታ በሚደርሰኝ ብር አምስት ወር ሳልበላ መክረም አለብኝ።

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኩ።

የሰምሃር መልእክትም ዛሬ መጣ። የሟች እህቴ የለተብርሃን ልጅ ናት። በፋርማሲ ተመርቃ አዲስ አበባ ሥራ አግኝታለች፤ እስከ ነሐሴ 26 ካልቀረበች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። «ሓትኖ» ትለኛለች፤ በእኛ አገር የእናት እህት የምትጠራው እንዲህ ነው። «ሓትኖ፣ ጋሽ በርሄ ነፍሱን ይማረውና እንግዳ እንደማይወድ እናቴ ነግራኛለች። አሁን ግን ብቻዎን ስለሆኑ ደፍሬ ጠየቅሁ። ቤት መከራየት እስክችል ሦስት ወር ብቻ።»

ነገ እመልስላታለሁ።


ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

መጡ። ሐዊ፣ ስድስት ኪሎ ኮፒ ቤት ያለው ጓደኛዋ ኢርፋን፣ እና ማንም ያልጠራው ጋሽ ከተማ። ጋሽ ከተማ ጎረቤቴ ነው፤ ጡረታ የወጣ የግብር ሠራተኛና የሰፈራችን እቁብ ዳኛ። «ምንድን ነው ጫጫታው?» ብሎ ገባ፣ ወንበር ሳበ፣ ቀረ።

ኢርፋን ሰባት ሺሁን ወደ አራት መቶ አወረደው። የጨዋታው ባለቤቶች ራሳቸው በነፃ የለቀቁት አጭር መመሪያ አለ፤ እሱን አትሞ፣ ጠርዞ አመጣው። «የወረቀቱን ብቻ ነው የማስከፍላችሁ፤ ቀለሙ የእኔ ነው» አለ።

«ይሄን ስጦታ ለግብር ሰብሳቢ እንዳትናገር» አለው ጋሽ ከተማ።

ሰው ምረጡ ሲባል ኢርፋን ወታደር፣ ሐዊ መድኃኒት አዋቂ ሆኑ። ጋሽ ከተማ «ሌባ» አለ።

«ጋሼ! እርስዎ?»

«ሠላሳ ዓመት ሌባ ሳሳድድ ኖርኩ። ሙያውን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?»

ሐዊ መመሪያውን እየተረጎመች ታነብ ጀመር። ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ «ማለቴ»። ሌባው አንቀላፋ። እስቲ ቆዪ አልኳትና እስከዚያ የነገረችንን በራሴ ቃል መልሼ ተረክሁት። ዋሻው ውስጥ ያለው ሽማግሌ ሲናገር ድምፄን አወፈርኩ። ጋሽ ከተማ ዓይኑን ገለጠ። ኢርፋን ወንበሩን አስጠጋ።

«አለቀ! ዳኛችን እርስዎ ነዎት» አለች ሐዊ።

«እዚህ ሰፈር ዳኛው እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ከተማ።

«እርስዎ ሌባ ነዎት፣ ጋሼ።»

ዳይስ ስለሌለ ሐዊ በስልኳ ቁጥር ታወጣ ነበር። ጋሽ ከተማ «ስልክሽ ለአንቺ ያዳላል» ብሎ ሲጣላት መሸ።


ሐምሌ 6፣ እሑድ

ሲያዳምጡኝ ደስ አለኝ። በስድሳ ዓመት እንዲህ ብሎ መጻፍ ያሳፍራል።

ማንበብ ያስተማረኝ በርሄ ነው። ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር፤ የተበላሸ ወረቀት ወደ ቤት ያመጣና «ስህተቱን ፈልጊ» ይለኛል። ስህተት ስፈልግ ፊደሉን ለመድኩት። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ኋላ ዓይኑ ሲጠፋ ተራው የእኔ ሆነ። ሃያ ዓመት አነበብኩለት። ጋዜጣ፣ ልብ ወለድ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የመብራት ቢል፣ ከአገር ቤት የሚመጣ ደብዳቤ። ለሰው ሲያስተዋውቀኝ «ዓይኔ ይህችውላችሁ» ይል ነበር።

ሁሉንም አነበብኩለት። ከሁለት መስመር በቀር።

ለሰምሃር አልመለስኩም።


ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ለሰምሃር ጻፍኩ። «ክረምቱ ይለፍ እስቲ ልጄ፣ ጣሪያው ያፈሳል።»

ያፈሳል። ውሸት አልጻፍኩም። ሁለት ባልዲ ደቅኛለሁ። ከላክሁት በኋላ እንኳ ሄጄ አየሁት።


ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ዳይሱን የሐዊ ዘመድ ከዱባይ ሊያመጣው ነው። እስኪመጣ ማን ቁጭ ይላል? ለእቁባችን ዕጣ ጠቅልዬ የማወጣው እኔ ነኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከኢርፋን ቁርጥራጭ ወረቀት ሃያ ጥቅል ሠራሁ፣ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጻፍኩባቸው፣ ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ከተትኳቸው። ወጪ ምንም።

«አራዳ!» አለ ኢርፋን። በኢርፋን አፍ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም።

ጋሽ ከተማ የከተማዋን በር ጠባቂ ኪስ ሊያጥብ ፈለገ። እጁን ጣሳው ውስጥ ከተተ፤ ሁለት ቁጥር ወጣችበት።

«እሺ፣ ኪሱ ውስጥ ምን አገኘሁ?»

«የጠባቂውን እጅ» አልኩት።

ሐዊ እስክታስል ሳቀች። የምሽቱን ጸሎት ረስቼ ተኛሁ።


ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ለካ ኢርፋን የወጣውን ቁጥር ሁሉ ይመዘግብ ነበር። ዛሬ በመሀል እርሳሱን አስቀመጠና፣ «እማማ፣ የወጣውን ዕጣ ለምንድን ነው የማይመልሱት?» አለኝ።

«የት?»

«ጣሳው ውስጥ።»

«የደረሰው ሰው ድጋሚ ዕጣ ውስጥ ይገባል እንዴ?»

ሐዊ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። «ለዚህ ነው! መጀመሪያ ላይ ስንወድቅ ስንወድቅ ቆይተን ኋላ የሚቀናን ለዚህ ነው!»

አስረዱኝ። ዳይስ ተራ አያውቅም። አንድ ቁጥር አሥር ጊዜ ተከታትሎ ሊወጣ ይችላል። እኔ ግን ሁለት ቅዳሜ ሙሉ እቁብ ሳጫውታቸው ከርሜአለሁ፤ የወጣው ወጥቷል፣ ሃያዎቹም አልቀው ካልወጡ ጣሳው እንደገና አይሞላም። አፍሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንመልሰዋለን አልኩ።

«በሕግ አምላክ እንዳትነኪው!» አለ ጋሽ ከተማ። «ክፉ ዕጣ የወጣበት ሰው ‹ደህናውም ጣሳው ውስጥ አለ› ብሎ የሚጽናናበት አንድ ቦታ ይኑር በዚህ አገር!»

የወጣው እንዳይመለስ በድምፅ ተወሰነ፤ ሦስት ለባዶ። እኔ ድምፅ አልሰጠሁም። በእቁብ ለሁሉም ይደርሰዋል፣ ቀድሞ ካልሞተ።


ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ጠዋት ማድቤት ሆኜ ጋሽ ከተማ ደጅ ላይ ለሐዊ ሲያወራ ሰማሁ። «ይሄን ጨዋታ በርሄ ሳያየው መሞቱ! ወንበሩን አይለቅም ነበር እኮ። እንደ እሱ እንግዳ የሚወድ ሰው አልገጠመኝም። በኮቴ ነበር የሚለየን። ‹ግባ ከተማ፣ የግራ ጫማህ ውሃ ያስገባል› ይለኝ ነበር፤ እውነትም ያስገባል።»

ሐዊ ሳቀች።

አልወጣሁም። ባልዲውን ደፋሁት። ግማሽ እንኳ አልሞላም ነበር።


ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ዳይሱ መጣ! ሰባት ፍሬ፣ ሰማያዊ፣ እንደ ከረሜላ የሚያበራ። ሁለት ሺሁን ለአራት ተካፈልነው። ሐዊ ከእኔ አልቀበልም ብላ ነበር፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩባት። ፍልሰታ መግባቷን ረስታ ደግሞ ኬክ ይዛ መጥታ ነበር። ጋሽ ከተማ ካርቶኑን አየት አድርጎ ሲያማትብ ይዛው ወደ ክፍሏ ሮጠች። ቆሎ በላን።

መጀመሪያ ጋሽ ከተማ ጣለ። አንድ። ተራው ዞሮ ደረሰው፤ አንድ። ሦስተኛም አንድ። ሌባው ከግንብ ወደቀ፣ ቁልፉ መዝጊያው ውስጥ ተሰበረበት፣ በገዛ ገመዱ ተጠልፎ ተንጠለጠለ።

«ይሄ ጠጠር ማንን ያውቃል? ማንንም!» አለና ዳይሱን በመሀረቡ ጠቅልሎ ለሐዊ አስረከባት። ጣሳው ወጣ።

«ሁለት ሺህ ብር ለመስኮት ጌጥ» አለ ኢርፋን። መስኮቱ ጠርዝ ላይ ደርድሬዋለሁ። ፀሐይ ብትወጣ ያምራል።


ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ሰምሃር ጻፈች። እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

«ሓትኖ፣ ጣሪያው ችግር የለውም፣ የእኛም ያፈሳል። እስከ ነሐሴ 19 እመጣለሁ ወይ አልመጣም ብዬ ለፋርማሲው ማሳወቅ አለብኝ። የማይመች ከሆነም ይንገሩኝ፣ አልቀየምዎትም። እናቴም አልተቀየመችዎትም ነበር።»

እህቴ ለተ የሞተችው በጦርነቱ ስልክ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ነው። እኔ የሰማሁት ከሰባት ወር በኋላ። አርባዋ፣ መንፈቋ ሁሉ አልፎ።

ቤቴ አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሰው በደንብ ይይዛል።


ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ለቅዳሜ ተረት አልመጣልኝም። ወንዝ ይኑር። ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል። ማዶ አንዲት ልጅ ቆማ ትጣራለች። ከዚህ ወዲያ እኔም አላውቅም።

ስልኬ ላይ ነጠላ ጣል አደረግሁ። ስልክ የሚያለብስ ሰው ታይቷል?


ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ጣሳው ውስጥ አንዲት ዕጣ ቀረች። ኢርፋን መዝገቡን አየና «ጉድ ፈላ፤ የቀረችው ‹አንድ› የምትለዋ ናት» አለ። ቀጥሎ እጁን የሚከት ሰው እንደሚወድቅ ሁሉም አወቀ።

«ማዶ ያለችው ልጅ ትጣራለች» አልኩ። «ውሃው እየጨመረ ነው።»

«እኔ ከኋላ ልጠብቃችሁ፣ ጠላት እንዳይመጣ» አለ ወታደሩ።

«እኔ መጀመሪያ ገመዱን ልመርምር» አለ ሌባው። «መመርመር ዕጣ አያስፈልገውም አይደል?»

ሐዊ ለቁስለኛ መድኃኒት ልቀምም አለች። ቁስለኛ የለም።

«ልጅቷ ትጣራለች።»

«ሰምተናታል» አለ ጋሽ ከተማ። «ትንሽ ትታገስ፤ ውሃው ይጉደል።»

«ክረምት ነው። አይጎድልም።»

«በዚያ በኩል ሌላ ሰው አያልፍም?» አለ ኢርፋን።

እየሳቁ ነበር። ጨዋታ ነው። ተነሥቼ ማድቤት ገባሁና የታጠቡትን ብርጭቆዎች እንደገና አጠብኳቸው።

ስመለስ ሐዊ እጅጌዋን ሰብስባ ጣሳውን ይዛለች። «እኔ ልውሰዳት።»

«ትወድቂያለሽ እኮ» አላት ኢርፋን።

«እወድቃለሁ። አንድ ሰው ካልወሰዳት ጣሳው አይሞላም። እስከ መስቀል እዚህ ቁጭ ልንል ነው?» ብላ አወጣቻት። መድኃኒት አዋቂዋን ጎርፉ እያንከባለለ ወሰዳት፤ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቃል «ዕጣ! ዕጣ!» እያሉ ወረቀት መጠቅለል ጀመሩ። ጋሽ ከተማ አሥራ ስምንት አውጥቶ በፀጉሯ ጎትቶ አወጣት።

ኢርፋን ሲሄድ ደጃፉ ላይ ዞረና፣ «ልጅቷስ?» አለ።

«የዛሬ ሳምንት» አልኩት።


ነሐሴ 18፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የደወልኩት። ካወለቅሁ እቀመጣለሁ፣ ከተቀመጥሁ አልደውልም።

የስልኩን ነገር ከመጻፌ በፊት ግን ሁለቱን መስመሮች እዚህ ልጻፋቸው፤ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላም በቃሌ ናቸው። «በርሄን ጠይቂልኝ፤ ከእናንተ ጋር ሆኜ ትምህርቴን ልቀጥል። ለእሱም እያነበብኩ አግዝሻለሁ።» የለተ ደብዳቤ ነበር። ለበርሄ ሳነብለት እነዚህ መስመሮች ጋ ስደርስ ዘለልኳቸው። «ለሁላችሁም ሰላምታ ታቀርባለች» ብዬ አጠፍኩት። ለእሷ ደግሞ «በርሄ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ እንግዳ አይችልም» ብዬ ጻፍኩላት። ያን ዓመት ባል ሰጧት።

ለንስሐ አባቴ ቤቱ ጠባብ ስለነበረ ነው ብያቸዋለሁ። ጠባብ ነበር። ለተ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ነበር። ምንም ሳትንተባተብ ታነባለች። እኔ ያኔ ረጅም ቃል ሲመጣ በጣቴ እየተከተልኩ ነበር የማነበው።

ሰምሃር አነሣችው። «ሓትኖ! ጣሪያው ተሠራ?»

«ጣሪያውን ተዪው። የምነግርሽ አለ፤ አታቋርጪኝ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ብትቀየሚኝም ባትቀየሚኝም ቦታ አለሽ። ነይ።»

ነገርኳት። እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ፣ የጣቴንም ነገር ጭምር።

«እናቴ ታውቅ ነበር?» አለች።

«አታውቅም።»

«ጋሽ በርሄስ?»

«እሱም። ‹ለተ ምነው መጻፍ ተወች?› እያለ እየጠየቀኝ ሞተ።»

ከኋላዋ ዶሮ ጮኸ።

«እናቴ ከአባቴ ጋር በተጣላች ቁጥር ‹ያ ዕውር ባይኖር ዛሬ አዲስ አበባ ነበርኩ› ትል ነበር። ልጅ ሆኜ ረግሜዋለሁ፣ ሓትኖ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ተንበርክኬ ነው የረገምኩት።»

«ለእኔ ነበር የሚገባው» አልኩ።

መስመሩ ሄደ። ይቋረጥ ትዝጋው አላውቅም። መልሼ አልደወልኩም። የምጨምረው ቃል የለኝም።


ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ትናንት 19 ነበር። ምንም የለም።

ለሐዊና ለጋሽ ከተማ ነገርኳቸው። ሐዊ እጄን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ጋሽ ከተማ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ተቀየመኝ ብዬ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከራስ መኮንን ድልድይ ቆርቆሮና ምስማር ገዝቶ፣ መሰላል ተሸክሞ መጣ።

«በስድሳ ስምንት ዓመትህ ጣሪያ ልትወጣ ነው?» አልኩት።

«ሌባ አይደለሁ? ጣሪያ መውጣት ሥራዬ ነው።»

እየደበደበ ከላይ ሆኖ፣ «በርሄ ቢሰማ መጀመሪያ ይቆጣሽ ነበር» አለ። ሁለት ምስማር መታ። «ከዚያ ‹ልጅቷ መቼ ነው የምትመጣው?› ይልሽ ነበር።»


ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ከሰምሃር። «ለፋርማሲው እመጣለሁ ብያለሁ። ቅዳሜ በአሥር ሰዓት መናኸሪያ እደርሳለሁ። ቤት ከመግባታችን በፊት ጋሽ በርሄ የተቀበረበት ይውሰዱኝ።»

ይኸው ነው። ሓትኖ የሚል የለበትም። አራት ጊዜ ፈለግሁት።

የሳሎኑን ጠረጴዛ ወደ ግድግዳ አስጠግተን አልጋ አስገባን። ሐዊ አንሶላ አዋሰችኝ፣ አበባ ያለበት።


ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ጨዋታ የለም ብያቸው ነበር፤ ቢሆንም ጋሽ ከተማ ጠዋት ብቅ አለ። «ልጅቷ ጨዋታ ትወድ ይሆን? አራተኛ ተጫዋች ያስፈልገናል።»

«መጀመሪያ ታናግረኝ» አልኩት።

መናኸሪያ ላይ ከመቶ ሰው መካከል አወቅኋት። ስትራመድ ቀኝ ትከሻዋ ይቀድማል፤ የእናቷ ነው። ሦስቴ ሳመችኝ፤ ለደንቡ። ታክሲ ውስጥ ስለ መንገዱ ጠየቅኋት፣ «ደህና ነበር» አለች። በርሄ ወደተቀበረበት ወደ ቀጨኔ ቤተ ክርስቲያን ሄድን።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ መቃብሩን ከሩቅ በጣቴ አሳየኋት። ልከተላት ስል፣ «ሻንጣዬን ይያዙልኝ» አለችና ብቻዋን ሄደች።

ጭቃው ላይ በጉልበቷ ወረደች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ ድምፅ ግን አይሰማም። ካፊያ ጀመረ። ጃንጥላ ይዤ ነበር፤ ለመዘርጋት እጅ አልነበረኝም። ሻንጣው ከባድ ነው፣ መሬቱም ጭቃ ስለሆነ አላስቀመጥኩትም። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወርኩት። ጣቶቼ ደነዘዙ። ዘበኛው አየኝና፣ «እናቴ፣ ወደ መጠለያው አምጥተው ያሳርፉት፤ ልጅቷ ትቆያለች መሰለኝ» አለኝ።

«ደህና ነኝ» አልኩት።

እንድትቸኩል አልፈለግሁም።